የጎንደር አለቃ ዘመዶችን ፍለጋ፦ ቆጠራው ስም ካልሰጠ ማን ይሰጣል?

ይህ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉ መልሶች (አንድ ክር) ማጠቃለያ ነው። ጥያቄውን የከፈተው «የወገራ ልጅ» የሚል ስም የያዘ ተሳታፊ ነው። ቅድመ አያቱ ጎንደር ከተማ ከአንዱ ደብር የሚያገለግሉ አለቃ እንደነበሩ፣ ከጣሊያን ወረራ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዳረፉ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው እንደሚያውቅ ጽፏል። የሚፈልገው የእሳቸውን ወንድሞችና እህቶች፣ ከእነሱም የወረደውን ዘመድ ነው። አሜሪካኖች የ1950 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ቅጻቸውን ከነስሙና ከነዕድሜው በኢንተርኔት ሲያገላብጡ ስላየ፣ የጎንደር ቅጽ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። በእጁ ያለው ሰነድ የ1941 ዓ.ም. የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው።

መልስ 1 በትሕትና ጀመረ። ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. መሆኑን፣ አራተኛው ደግሞ በተደጋጋሚ መራዘሙን አስታወሰ። ከቆጠራ የሚታተመው ድምር ነው። በ1999 ጎንደር ከተማ 207,044 ነዋሪ እንደነበራት ማንም ያነባል፤ ከእነዚያ ውስጥ የአንዱን ቤተሰብ ስም ግን ማንም ጠይቆ አያወጣም፣ የግለሰብ መረጃ በሕግ የተጠበቀ ነውና። አሜሪካ ቅጹን ከ72 ዓመት በኋላ ትከፍታለች፤ እዚህ እንዲህ ያለ የመክፈቻ ቀጠሮ የለም።

መልስ 2 ቆጠራው ቢከፈትም እንደማይጠቅም አሳየ። ሰውየው ከ1928 በፊት ካረፉ የመጀመሪያው ቆጠራ ሲደርስ ከሞቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀረው፤ ቢገኙ የሚገኙት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ደግሞም በ1976 በጸጥታ ምክንያት በሰሜኑ ብዙ የገጠር ቦታ ሳይቆጠር ቀርቷል። መልስ 3 ከዚያ በፊት የተቆጠረ ነገር የለም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የነበሩት የናሙና ጥናቶች እንደሆኑ ወዲያው ተነገረውና በዚያው አለፈ።

ክሩን መንገድ ያስያዘው «ቀሐ ማዶ» የጻፈው መልስ 4 ነው። ሐሳቡ ሲጨመቅ፣ በጎንደር የሰው ስም የተጻፈው አንድ ነገር ሊከፈል፣ ሊወረስ ወይም ሊካፈል ሲል ነው፤ ስለዚህ ሰውየውን ሳይሆን መሬቱን፣ ቤቱን፣ አገልግሎቱንና ዕድሩን መከተል ይሻላል የሚል ነው። የልደትና የሞት ምስክር ወረቀት ለሚጠብቁም ተስፋ ቆርጦላቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መመዝገቢያ) ቢደነግግም ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ መዋሉን አቆይቶታል፤ አሁን ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የቆመው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። በ1920ዎቹ የሞተ ሰው በዘመኑ የተጻፈ የሞት መዝገብ አይኖረውም። መልስ 5 ይህን ይዞ ምላሱን አሾለው፦ የዚያን ዘመን የልደት ወረቀት አወጣልሃለሁ የሚል ደላላ ካገኘህ የሚሸጥልህ ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት ነው፣ ገንዘብህን ያዝ፣ በሚል መንፈስ።

መልስ 6 ከቅርቡ ወደ ሩቁ መሄድን መከረ፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ ዕድር። የዕድር መዝገብ አባሉን ብቻ አይዝም፤ ሲሞቱ ገንዘብ የሚከፈልባቸውን ሰዎች፣ የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችን፣ እናትና አባትን፣ በብዙ ዕድር ወንድምና እህትን ጭምር በስም ያስመዘግባል። ክፍያው የተፈጸመበት ቀን ስላለ የሞት ቀንም ከዚያው ይገኛል። የሚጠየቀው የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ የድሮው ደብተር ሞልቶ አዲስ ሲከፈት አሮጌው ቀድሞ በነበረው ጸሐፊ ቤት መቅረቱ የተለመደ ስለሆነ የአሁኑን ብቻ ጠይቆ የለም ብሎ መመለስ አይገባም። ቀጥሎ ቀበሌ። ቀበሌዎች ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የተቋቋሙ ናቸው፤ የቤተሰብ ቅጻቸው በቤት ቁጥር የተደረደረ ነው። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው የቀበሌዎቹ መዋሐድና ክፍለ ከተማ መምጣቱ ነው፦ የዛሬውን ቀበሌ በድሮው ቁጥር የጠየቀ ሰው የሌላ ሰፈር መዝገብ ይወጣለታል። ከድሮ የኪራይ ወይም የውኃ ደረሰኝ ላይ የድሮውን ቀበሌና የቤት ቁጥር አጣምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ዕድሜውን ግን ማመን አይገባም፤ 0 እና 5 ላይ የሚያልቅ ዕድሜ ሲበዛ ሰዎቹ ሳይሆኑ ጸሐፊው ነው የገመተው።

ከዘመዶቹ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር ወይም ወታደር ከነበረ የግል ማኅደሩ ውስጥ የሕይወት ታሪክ ቅጽ እንደሚኖር፣ እዚያ ላይ የወላጆች፣ የትዳር ጓደኛና የልጆች ስም እንደሚሞላ መልስ 7 ጨመረበት። ለጡረታ ሲባል የተሞላ ስለሆነ ልጆቹ በትክክል ይመዘገባሉ፤ የትውልድ ዘመኑ ግን ቶሎ ለመቀጠርም ዘግይቶ ለመውጣትም ሲባል ሊለጠጥና ሊያጥር ይችላል።

መልስ 8 ስለ ፍርድ ቤት ነበር፤ የጻፈው መዝገብ ቤት ውስጥ እንደ ቤቱ የሚመላለስ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። የወራሽነት ማስረጃ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት የሚሰጠው፣ የሟችን ስም፣ የሞቱበትን ጊዜ፣ የወራሾችን ስምና ከሟች ጋር ያላቸውን ዝምድና፣ የምስክሮችንም ቃል በአንድ ፋይል ይይዛል። ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያጣው በሟች ስም ስለሚፈልግ ነው። መዝገቡ የሚከፈተው በአመልካች ስም ነው፤ አመልካቾቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ የመጀመሪያው ሰው ስም ላይ «እነ» ተጨምሮበት ይቀመጣል። ስለዚህ የልጆችንና የልጅ ልጆችን ስም ዝርዝር ይዞ፣ በየዓመቱ የመዝገብ መመዝገቢያ ላይ አንድ በአንድ ማየት ነው። ውሳኔውን ብቻ አስገልብጦ መውጣትም ኪሳራ ነው፤ ዝምድናው የሚዘረዘረው ማመልከቻውና የምስክሮቹ ቃል ላይ ነው። ያልጠየቀ ወራሽ ዝርዝሩ ላይ ላይኖር ይችላልና መቅረቱ ዘመድ አለመሆኑን አያሳይም።

የአዲስ ዓለሙ (የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር) ተሳታፊ በመልስ 9 ለስለስ ባለ ቃል አንድ የተረሳ ነገር አስገባ። የጎንደር ሙስሊም ቤተሰቦች ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያልቅ ስለነበር ፋይሉ በመደበኛው ፍርድ ቤት ቢፈለግ አይገኝም። በሸሪዓ ክፍፍል እያንዳንዱ ወራሽ ድርሻው ተቆርጦ ስለሚጻፍ ሴት ልጆች፣ ሚስቶችና እናት በስም ይገኛሉ፤ ለቤተሰብ ፈላጊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠያቂው የካህን ዘር ነው፣ ምን ያደርግለታል ያለው መልስ 10፣ ክሩን የሚያነበው ጠያቂው ብቻ እንዳልሆነ ተነግሮት ዝም አለ።

በዚህ መሐል «የወገራ ልጅ» ተመልሶ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የቅድመ አያቱ አያት ስም እንደሆነ ገለጸ። ታዲያ እኚህ ሰው በ1941 በሕይወት ነበሩ ማለት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። መልስ 12 በጥንቃቄ አስተካከለው፦ በርስት አገር ግብር ብዙ ጊዜ የሚገባው መሬቱን መጀመሪያ ባቀኑት አባት ስም ነው፤ ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ሰው ደረሰኝ ላይ ይገኛሉ። ደረሰኙ የሚያረጋግጠው በዚያ ዓመት ከዚያ አባት እንወለዳለን የሚሉ ባለርስቶች መኖራቸውን ነው። ገንዘቡን ያስገባው ጭቃ ሹም (የመንደሩ ሹም) ወይም የባለርስቶቹ ተጠሪ ስለሚሆን፣ በደረሰኙ ግርጌ ወይም ጀርባ ሌላ ስም ካለ የዘመኑ ሰው እሱ ነው። «ዓባይ ማዶ» የተባለው የጎጃም ሰው በመልስ 13 ዋና አባት (መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው) እና ምንዝር አባት (ከእሱ ወርዶ መሬቱ በስሙ የተከፋፈለው) የሚለውን አከፋፈል አመጣና፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ሐረግ መሥራት ብዙ ትውልድ ያስዘልላል አለ። መልስ 14 ጋሻው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ መልስ 15 ቆጣ ብሎ በጌምድርና ጎጃም መሬታቸው እንደ ደቡቡ በጋሻ እንዳልተለካ፣ ከዚያ ደረሰኝ ላይ ስፋት መፈለግ ከንቱ ድካም እንደሆነ አስረዳው።

መልስ 16 የክሩ ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። የቃል ሐረግ በጎንደር በሁለት ምክንያት ይቆጠራል፦ ለርስትና ለጋብቻ። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚጠየቅ፣ ቆጣሪው የሚይዘው መሬት የሚያስገኝለትን መስመር ነው። መሬት የሌለበት ቅርንጫፍ፣ ሩቅ አገር ያገባች እህት፣ ክርክር የተሸነፈ ወንድም ከቁጥሩ ይወጣሉ፤ መሐል ላይ ያለች ሴትም አንዳንዴ በልጇ ስም ትሸፈናለች። የጋብቻው ቆጠራ ግን ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት የሚወርድ ስለሆነ መሬት ኖረ አልኖረ አይመርጥም። ስለዚህ አዛውንቱን ዘርዎን ይቁጠሩልኝ ካሏቸው የርስቱ ቆጠራ ይመጣል፤ ከእነማን ጋር መጋባት ነውር ነበር፣ ለምንስ፣ በማን በኩል ብለው ከጠየቁ ግን የተጣሉት ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ሁለት አዛውንቶችን አንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅም አይሆንም፤ ታላቁ ሲናገሩ ታናሹ ያጸድቃሉ። ለየብቻ ነው፣ ደግሞም ከተለያየ ቅርንጫፍ። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ ወዲህ ርስት መቁጠር ጥቅሙ ስለቀረ፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ ከታላላቆቹ የሰማውን ቁራጭ ነው።

መልስ 17 በዚሁ መንገድ ስለ ቤተ እስራኤል ቤተሰቦች አንድ ነገር ጠቆመና ወጣ። የእስራኤል መንግሥት በ1995 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ የእናትን ሐረግ መነሻ ስላደረገ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ለመጓዝ ተብሎ የተሠራ የቤተሰብ ዝርዝር የአባትን ወገን ሊያሳንስ ይችላል፤ ስሞቹ ትክክል ሆነው ዛፉ ግማሽ ነው።

«የቁስቋም መሪጌታ» የገቡት በመልስ 18 ነው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም እርስዎ እያለ ነው ያነጋገራቸው። የጎንደር አድባራት ካህናት ለአገልግሎታቸው ሪም የሚባል መሬት ነበራቸው፤ ሪም ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ሴቶችም በስማቸው ይይዙት ነበር። ሽያጩና ኑዛዜው የሚጻፈው በደብሩ ወንጌል ላይ ነው፦ መጀመሪያና መጨረሻ ባሉት ባዶ ቅጠሎች፣ በአራቱ ወንጌላት መካከል በቀረው ክፍት ቦታ። ጽሕፈቱ ከዋናው ያነሰና የተጣደፈ ስለሆነ ዐይን ይለየዋል። የሻጭና የገዢ ስም ተገኘ ብሎ ማቆም አይገባም፤ የዋሶቹና የምስክሮቹ ዝርዝር ይበልጣል፣ ዋስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዘመድ ነውና። አለቃው ወይም ሹሙ ከተጠቀሱ ደግሞ ዘመኑ በእነሱ ሹመት ይታወቃል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከ1928 ብዙ ቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ የሚጠቅመው ለቅድመ አያቱ ሳይሆን ለቅድመ አያቱ አያቶች መሆኑንም ሳይሸሽጉ ተናገሩ።

አካሄዱንም ዘረዘሩ። ማመልከቻ ለሀገረ ስብከቱ ይገባል፤ የደብሩ ስም፣ የሚፈለገው መጽሐፍና ምክንያቱ ይጻፍበታል። ከዚያ ደብዳቤው ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው ይመራል። ዕቃ ቤቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ ስለማይከፈት ቁልፍ ያዦቹ የሚገናኙበት ቀን በቀጠሮ ይያዛል። ብራናውን በረጠበ ጣት መግለጥ፣ በፍላሽ ማንሳት፣ ቀለሙ የደበዘዘውን በውኃ ማበስ ክልክል ነው። ብርሃን ከጎን ሲመጣ የደበዘዘው ይነበባል። መጀመሪያ ሙሉ ገጹ፣ ቀጥሎ ጽሑፉ ቀረብ ተደርጎ ይነሳል፤ የቅጠሉ ቁጥር፣ ፊት ይሁን ጀርባ፣ እዚያው ይመዘገባል። ያለዚህ ፎቶው የማን ደብር እንደሆነ ከወር በኋላ አይታወቅም።

መልስ 19 የጎንደር መጻሕፍት ሁሉ ለንደን ናቸው፣ አትድከም አለ። መልስ 20 ሁሉ በሚለው ቃል ተናዶ ነገሩን ለያየው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው ከአድባራቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወስደዋል፤ በ1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከዚያ ክምችት ወደ 350 የሚጠጋው ለብሪቲሽ ሙዚየም ደርሶ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የቀረው ደግሞ በ1880 ደርቡሽ (የሱዳን መሐዲስቶች ጦር) ከተማዋን ሲያቃጥል ብዙ ተጎድቷል። ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ ቃጠሎ ተርፏል፣ ተደብቆ የወጣና የተመለሰም አለ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈም አለ። የለንደኑን ለማየት በ1877 እ.ኤ.አ. የታተመው የዊልያም ራይት የኢትዮጵያ ብራናዎች ካታሎግ መነሻ ይሆናል፤ በጥቅምት 2016 በቤተ መጻሕፍቱ ላይ በደረሰው የሳይበር ጥቃት የዲጂታል ቅጂዎቹ ተቋርጠው ስለነበር የተፈለገው የብራና ቁጥር መከፈቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ሚኒሶታ ያለው የኢትዮጵያ ማይክሮፊልም ስብስብ በነጻ ተመዝግቦ ይታያል፤ ሆኖም ክብደቱ ወደ ሸዋ ስለሆነ የጎንደርን ሰው ከዚያ ብቻ መጠበቅ አያዋጣም።

ስለ ስምና ስለ ዘመን ከመልስ 21 እስከ 23 ተባባሉ። ካህን በወንጌሉ ኅዳግ በክርስትና ስሙ፣ በግብር ደረሰኝ በዓለም ስሙ፣ በሰው አፍ በማዕረጉ ሊጠራ ስለሚችል፣ ሦስቱም ሳይያዙ አንዱን ሰው ሦስት አድርጎ መቁጠር ይመጣል። ማዕረግ ደግሞ ይለወጣል፤ ትናንት መሪጌታ የነበረው ዛሬ አለቃ ነው። ቀን ሲጻፍ የወንጌላዊው ዘመን ብቻ ከተጠቀሰ፣ መልስ 22 እንዳለው ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። መልስ 23 ደግሞ 5500 ራሱ ለአራት እኩል ስለሚካፈል መደመሩ ትርፍ ድካም ነው ብሎ አሾፈበት፤ 1880 ለአራት ተካፍሎ ምንም አይተርፍም፣ ደርቡሽ የመጣው በዘመነ ዮሐንስ ነው። ትክክል ነው፣ ግን ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) ለለመደ ሰው 5500ን መተው እንደ ድፍረት ይቆጠራልና ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተነካከሱ። የቃል ዕድሜን ለማስተካከልም ደርቡሽ (1880)፣ ዓድዋ (1888)፣ ሰገሌ (1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911) እና ራስ ጉግሣ ወሌ የሞቱበት የአንቺም ጦርነት (መጋቢት 1922) ተደረደሩ። ስንት ዓመታቸው ነበር ከማለት አንቺም ሲሆን አግብተው ነበር ወይ ማለት የተሻለ መልስ ያመጣል።

ከዚያ ክሩ ሳተ። መልስ 24 ከዐፄ ፋሲል ሰባተኛ ትውልድ እንደሆነ አስታወቀ። መልስ 25 አላለፈውም፦ ፋሲል ያረፉት በ1660 ዓ.ም. ነው፣ ከ350 ዓመት በላይ ለሰባት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አባት ከ50 ዓመት በላይ ይደርሰዋል፤ በሠላሳ ቢቆጠር አሥራ ሁለት ትውልድ ገደማ ይሆናል፣ አምስቱን የት ጣልካቸው ነው ነገሩ። በጎንደር የንጉሥ ዘር ያልሆነ አንድ ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗልም አለ። መልስ 26 ጎንደሬው ማን ነው ወደሚለው ሲያዞረው አወያዩ ሁለት ጽሑፎችን አንሥቶ፣ እዚህ የሚፈለገው የአንድ አለቃ ወንድሞች ናቸው ሲል አስጠነቀቀ።

የዘረመል ምርመራ ያነሳው መልስ 27 ነው። መልስ 28 ያለ ስሜት መለሰ፦ ከቅድመ አያት ወንድም የወረደ እኩያ ዘመድ በአማካይ የሚጋራው ከአንድ በመቶ በታች ነው፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል ደግሞ በምርመራው ጭራሽ አይታይም፤ በመረጃ ቋቶቹ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ጥቂት በመሆኑ ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የሚሞከር እንጂ የሚጀመርበት አይደለም።

በመጨረሻ «የወገራ ልጅ» ሁሉንም አመስግኖ በዕድሩና በወራሽነት ፋይሉ እንደሚጀምር ጻፈ፤ ሁለት አዛውንቶች የተለያየ አባት ቢነግሩት የቱን ይያዝ ሲል ጠየቀ። «ቀሐ ማዶ» ሁለቱንም በተለያየ ወረቀት፣ ማን እንደነገረው፣ መቼ፣ ለርስት ነው ለጋብቻ ተቆጥሮ የሚለውን ከጎኑ ጽፎ እንዲያስቀምጥ፣ ሰነድ ሳይገኝ አንድ ላይ እንዳያዋህዳቸው ነገረው። መሪጌታው ደግሞ ከገና እስከ ጥምቀት ካህናቱ ስለማይገኙ፣ የሀገረ ስብከቱ ማመልከቻ በኅዳር ገብቶ የዕቃ ቤቱ ቀጠሮ ከጥር አጋማሽ ወዲያ እንዲሆን፣ ማመልከቻውም ላይ ሁለቱ የአለቃው ስሞች፣ የዓለሙና የክርስትናው፣ አብረው እንዲጻፉ አሳሰቡ።